አብሽር

የኮምቦልቻ ሌሊት፤ ሁለተኛው ፈረቃ ሲወጣ፣
የክር ፋብሪካው ጩኸት ቦርከናን ተሻግሮ ሲመጣ፣
እኔ በአንድ ዓይኔ ነኝ፤ ሌላውን ጨፍኛለሁ፤
የጦይባን አክታ በመስታወት ላይ ዘርግቻለሁ።

መጀመሪያ እሳት፤ ከዚያ ሐምራዊ ቀለም፣ አዮዲን፣
አልኮል፣ ውሃ፣ መጨረሻ ቀዩን፤
እጄ እንደ ውዱእ የለመደው ነው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ፤
ሳላስበው ይሄዳል፣ ተራው ሳይዛባ በሙሉ።

ጦይባ ይማም፣ ክር አጠንጣኝ፤
አሥራ አራት ዓመት ኪኒኗን ከመግሪብ ያላሳለፈች፣
በካርዷ ላይ «ቫይረሱ አልታየም» አስብላ ያጻፈች።
ዘንድሮ ግን ይቺ ሦስተኛዋ ምች ናት።
ትናንት የመስኮቴን ብረት ይዛ፣ ትንፋሽ እያጠራት፣
«ጋሽ ሙሄ» አለችኝ፣
«ሌባው ታስሯል ካላችሁኝ፣
ሌሊት ሌሊት ደረቴን የሚቆፍረው ማነው ታዲያ?»
መልስ አልነበረኝም።
«ነገ ከሰዓት ተመለሽ» አልኳት፤
መልስ ሲያጥረን የምንለው እሱን ነው።

አሁን አየሁት።
ትልቁን ሴል፣ በላተኛውን፣ የሳንባዋን ዘበኛ፤
አልሸሸም፤ አልተኛም፤ አይባልም ዳተኛ።
ክንዱን ዘርግቶ ይዟቸዋል፤
ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሄዱትን ሐምራዊ ነጠብጣቦች ውጧቸዋል።
ሆዱ ውስጥ ናቸው።
ግን ሙሉ ናቸው፤ እንደተዋጡ ናቸው፤
አንዱም አልተሸረፈ።
መብራት እንደጠፋበት ወፍጮ ቤት፤
እህሉ ባፉ ገብቶ፣ ቋቱ ዱቄት ያጣበት።
ሌባውን አንቆ ይዞ፣ ወደ ጓዳው አስገብቶ፣
«ቤት ለእንግዳ» ብሎ አሳድሮ፣ አብልቶ፣
ሲነጋ በጓሮ በር የሚሸኝ ዘበኛ፤
ምን ይደረግ፣ እሱም የወሎ ሰው ነዋ፣ እንደኛ!

ሲነጋ ዶክተር ጀማነሽን ጠራኋት።
ከደሴ፣ ከጦሳ ጉም ነው የምትወርደው፤
በኛ ሙቀት እንኳ ጃኬቷን አታወልቀው።
ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች።
«ኪኒኑ ቫይረሱን ያስተኛል» አለች፣
«የደከመውን ዘበኛ ግን ሁልጊዜ አያነቃውም።
ፍሙ አለ ውስጡ፤ አመድ ለብሶ ነው እንጂ አልጠፋም።
እኔ የምፈልገው ሌላ ገዳይ ከውጭ ማምጣት አይደለም፣
የራሱን እሳት እፍ የሚልለት ነው።»
«አገኘሽ?»
«በብልቃጥ ውስጥ፣ ጥቂቶቹ ነቁ።
ጥቂቶቹ ደግሞ በገዛ እሳታቸው አለቁ።
እፍታ ሲበዛ ጎጆም ያቃጥላል፣ ጋሽ ሙሄ፤
አትቸኩልብኝ።»

አልቸኩልም።
ወንድሜ ሰይድ ሲያስል እኮ የሚቸኩል እንኳ አልነበረም፤
በዘጠናዎቹ፣ ድንኳኑ ከደጅ ደጅ ይዞር ነበር፤
ካስማው የተነቀለበት ጉድጓድ ሳይደፈን፣
ማዶ ቤት ይተከል ነበር።
ስሙን የሚጠራ አልነበረም፤
«ምች መታው» ይባል ነበር፤ ዝም ይባል ነበር።

ከሰዓት ጦይባ መጣች፤ በነጠላዋ አፏን ሸፍና።
«ሌላ ሌባ ነው» አልኳት፣ «የፊተኛው አይደለም፤
ዘበኛሽ ይዞታል፤ ክንዱ ዝሎ ነው፣ ጨርሶ አልገደለም።
ለዛሬ የሚያግዘው መድኃኒት ታዟል፤ እንዳታቋርጪ።
ለነገው ደግሞ የሚያስቡ አሉ።»
ሳቀች፤ ሳቋን ሳል ቆረጠው።
«ታዲያ ምስኪኑን፣ አንተ ሰውዬ፣
አንድ ቀን እንኳ አብሽር ብለኸዋል?»

ማታ መስታወቶቹን ልጥል ስሰበስብ፣ የሷን አስቀረሁ።
የሞተ ነው፤ በእሳት የደረቀ፣ በቀለም የተነከረ፤
አውቃለሁ።
በሩን ዞሬ አየሁ፤ ሰው የለም።
ጎንበስ አልኩና፣
«አብሽር» አልኩት።
ከዚያ በረኪናው ውስጥ ጣልኩት፤
እጄን ታጠብኩ።
በቦርከና ማዶ የፈረቃው ጥሩምባ ነፋ፤
ጦይባ ዛሬ ክር አታጠነጥንም።